በቀዩ ትራስ ላይ የተጋደመችው

ሠዓሊው ኦኖሬ ፑጆል የተገኘው ከሥዕል ማቆሚያው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው፤ ማጅራቱን በምድጃ መቆስቆሻ ተመትቷል። ከበላዩ፣ ቀለሙ ገና ባልደረቀ ሸራ ላይ፣ ገላዋ በአረንጓዴ የተቀባ ሴት በቀይ ትራስ ላይ ተጋድማለች።

በማግስቱ ጠዋት የፖሊስ ኮሚሳር ካዛል ወደ ሥዕል ክፍሉ ሲገባ የባሕሩ ነፋስ መስኮቱን ይደበድብ ነበር። ለሥዕሉ የተጋደመችው ዴልፊን፣ ዓሣ በጨው የምታሽገው ሠራተኛ፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማ እጆቿን ታፍተለትላለች።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ስወጣ የጨረሰው ገላዬን ብቻ ነበር» አለች። «ትራሱም ግድግዳውም ባዶ ሸራ ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ የረሳሁትን ሻርፕ ልወስድ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

«አሁን ግን ሥዕሉ አልቋል» አለ አንዱ ፖሊስ። «ያን ሁሉ መሙላት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እስከ ስምንት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ስትወጪ የታየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ለጊዮቲን ስለት ደግሞ ያማረ አንገት አለሽ።»



የሟች ጓደኛ ሠዓሊው ላካዝ፣ የቀለም ሳጥኑን እንደ ወትሮው በትከሻው አንግቶ፣ ትንባሆ ይጠቀልላል። «እኔ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ካፌ ካርታ ስጫወት ነበርኩ» አለ። «ስሸነፍ ያላየኝ የለም።»

ካዛል በሟች ሳጥን ውስጥ ያሉትን የቀለም ቱቦዎች አንድ በአንድ አገላበጠ። የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳውን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ከዚያም ትናንት ፔርፒኞ ከተማ ውለው ማታ በባቡር ወደ ተመለሱት የሟች እኅት ዞረ።

«ማዳም ክሎቲልድ፣ ወንድምዎ ጥቁር ቀለም የት ነበር የሚያስቀምጠው?»

«ጥቁር? ከሦስት ዓመት በፊት ከወደቡ ግንብ ላይ ባሕር ውስጥ ወረወረው እኮ። ጥላ የሚሠራው በሰማያዊ ነው። ሙሴ ላካዝም አብረውን ነበሩ፤ ስቀውበታል።»

ካዛል ሁሉንም ወደ ሥዕሉ አቀረባቸው።

«የክንዷ ጥላ ሰማያዊ ነው። ከዳሌዋ ሥር፣ ትራሱ ላይ ያለው ግን ጥቁር ገብቶበታል። በሳጥኑ ጥቁር የለም፤ በሰሌዳውም ጠብታ የለም። ስለዚህ ትራሱን የሞላው የራሱን ቀለም ይዞ የመጣ ሌላ ሠዓሊ ነው። ዴልፊን እንደ ወጣች ፑጆልን ገደለው፤ እስከ ስምንት በሕይወት የነበረ እንዲመስል ሸራውን ሞላ፤ ከዚያ ወደ ካርታው ሄደ። በዚህ ከተማ ሌላ ሠዓሊ ማን አለ፣ ሙሴ ላካዝ?»

ላካዝ ትንባሆውን ጣለ። «‹ጭቃ ነው የምትሥለው› አለኝ» አለ በዝግታ። «ከሃያ ዓመት ወዳጅነት በኋላ፣ እየሳቀ።»

«ፑጆል ጥቁር እንደማይነካ እያወቅህ ለምን ጨመርህ?»

«ያለ ጥላ ትራሱ አየር ላይ ተንሳፈፈብኝ። እጄ ቀደመኝ።»

ይዘውት ወረዱ። ዴልፊንን «ሂጂ» ቢሏት አልተንቀሳቀሰችም።

«ገዳዩ የቀባውን ከጎኔ ጥረጉልኝ» አለች።

«ማስረጃ ነው፣ ልጄ። እስከ ፍርዱ አይነካም» አለ ካዛል።

ማዳም ክሎቲልድ ቀረቡና ሸራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት። «እስከዚያ ማንም አያያትም» አሉ።

የተሣለችው ሴት እግር እስከ ሸራው ጠርዝ ይደርስ ነበርና ጣቶቻቸው በወንድማቸው አረንጓዴ ቀለም ተነከሩ። ፖሊሱ መጥረጊያ ጨርቅ ሲያቀብላቸው፣ ቀለሙ እንዳይጠረግባቸው እጃቸውን ወደ ኋላቸው ሸሸጉ።