ቢሻው ያለበት ሁለት ተራ

የ2010 ዓ.ም. ክረምት ክፉ ነበር።

ሰኔ ላይ የገባው ዝናብ አላባራም። ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ገብሱ ተኛ። የግምጃ ቤት ገበያ ሦስት ሳምንት ሰው አልወጣበትም፤ ጋሪዎች ጭቃ ውስጥ ቀሩ። በእኛ ሰፈር ብቻ አራት ላሞች በብርድ ሞቱ።

የምጽፈው በዚያ ክረምት የደረሰብኝን ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማሳመር አላውቅም። ውሸት ነው የሚለኝን አልከራከረውም። ከእኔ ጋር ሆና ያየች ሴት አለች፤ ዛሬም በሕይወት አለች።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ጨለማ አልነበረም። በቀን ነው የሆነው...

ስሜ ባምላክ ነው። ከኮሶበር፣ ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የዘር ድንች መጋዘን እጠብቅ ነበር። ግንቡ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪና እሾሃማ ሽቦ አለበት። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ ብረት።

ባለቤቱ ዕቃ ከጠፋበት ወዲህ ጠባቂ አያምንም። ስለዚህ አንድ ሥርዓት አወጣ። ተራውን ጨርሶ የሚወጣው ጠባቂ፣ የሚገባውን ከውጭ በሰንሰለት ይቆልፍበታል። ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ተመልሶ ይከፍታል።

እንዲህ ነበር የምንሠራው። ጠባቂው ተቆልፎበት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ሥርዓት ርክክብ ነው። ዱላ፣ ባትሪና መዝገብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። መዝገቡ ላይ ሰዓት ይሞላል። አንዱ "አስረከብኩ" ብሎ ይፈርማል፣ ሌላው "ተረከብኩ" ብሎ።

"ያላስረከበ ጠባቂ ቢሞትም ተራ ላይ ነው" እንባባል ነበር።

ለቀልድ...

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተቀያሪዬ ዓለምነው አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። ዓለምነው ጎልማሳ ነው፤ አፉ አያርፍም።

"ጋሽ ባምላክ፣ እንግዳ አመጣሁልዎ። ዘበኝነትን ልታጠና ነው።"

"ዘበኝነትም ይጠናል?"

"እርስዎ ቆመው እንዴት እንደሚተኙ ነው የምታጠናው።"

ልጅቱ ሳቀች። ናርዶስ ትባላለች፤ ባሕር ዳር የምትማር የማስተርስ ተማሪ ናት። የጥበቃ ሥራ እንደ ሙያ እንዴት እንደሚሠራ ነው ጥናቷ። ባለቤቱ በስልክ ፈቅዶላታል።

ዓለምነው አስገባትና በላያችን ቆለፈ። "በአሥራ ሁለት ሰዓት!" ብሎ ጮኸ። ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤቱ ሄደ።

ናርዶስ የሰንሰለቱን ድምፅ ስትሰማ ፈገግታዋ ጠፋ።

"እኛንም ቆለፈብን?"

"ሥርዓቱ ነው ልጄ።"

"እሳት ቢነሳስ ጋሼ?"

"አጠፋለሁ።"

"ካየለብዎስ?"

ወደ በሩ አየሁ። ጻፈችው።

ስትጠይቀኝ ቆየችና የድሮዎቹን መዝገቦች ጠየቀች። ከመደርደሪያ አወረድኩላት። አንዱን እየገለጠች ቆም አለች። ጮክ ብላ አነበበች።

"'የባምላክ ሁለት ተራ አለብኝ። እመልሳለሁ። ቢሻው።' ... ይሄ ማነው ጋሼ?"

ያንን ገጽ ከከፈትኩት ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ነገርኳት።

ቢሻው ከዓለምነው በፊት የነበረ ተቀያሪዬ ነው። እናቱ ስትሞት ለቅሶ እንዲቀመጥ ሁለት ተራ ቆምኩለት፤ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት። ሊመልስ ቃል ገባ። ሐምሌ 2007 ላይ "ነገ እከፍልሃለሁ" አለኝ። በማግስቱ ግን በሰዓቱ አልመጣም። እኔ ተቆልፎብኛል። ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅሁ። በርዶኛል፣ ርቦኛል። በሩን በእርግጫ እየመታሁ...

ረገምኩት።

"ያለበትን ሳይመልስ መሬት አትቀበለው!" አልኩ። ሦስት ጊዜ።

ሲነጋ ከበሩ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ፣ ኮሶው ዛፍ ሥር አገኙት። መብረቅ መቶት ነበር። እየመጣ ነበር ማለት ነው። ካፖርቱ ተቃጥሏል። በእጁ የያዘው ቁልፍ ግን አልተገኘም። ባለቤቱ ቁጠባ ያውቃል፤ ጓጉንቸሩን አልቀየረም፤ መለዋወጫውን ቁልፍ ሰጠን።

"ይቅርታ" አለች ናርዶስ። መዝገቡን ግን አልዘጋችውም።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

አማቼ ደጉ ነው፤ የልጄ የየምሥራች ባል። ከዳንግላ፣ ከሆስፒታል።

"አባባ፣ የምሥራች አልወለደችም... በኦፕራሲዮን ሊያዋልዷት ነው። ደም ፈሷታል። የእርስዎ ደም ይሆናታል ተብሏል። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ይድረሱ! አባባ ይሰማሉ?..."

ኔትወርኩ ጠፋ።

ዓለምነው የሚመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ዳንግላ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ልጄ እየሞተች ነው። እኔ ተቆልፎብኛል።

በሩን ደበደብኩ። ጮኽኩ። ናርዶስም ጮኸች። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እንኳ የለም። ስልኳ ጭራሽ አይሠራም።

ጉሙም በዚያን ሰዓት ወረደ። እንጅባራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በቀን ይመጣና እጅህን ይጋርድሃል። መጋዘኑ ጠፋ። ግንቡ ጠፋ።

በርሜል ገለበጥኩና ላዩ ቆምኩ። ናርዶስ ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ወጣች።

"ምን ይታይሻል?"

"ጉም ነው ጋሼ... ቆይ።"

"ምን?"

"ሰው አለ። ዛፉ ሥር ቆሟል።"

"ጥሪው!"

"እባክህ በሩን ክፈትልን! አንተ ሰውዬ!"

 አጎንብሳ ፀጉሬን ያዘች።

"ዞረ" አለች በሹክሹክታ። "እየመጣ ነው... ጋሼ፣ ያውርዱኝ።"

"ማን ነው?"

"ያውርዱኝ!"

አወረድኳት። ያየችውን ስጠይቃት "ዝናቡ እሱ ላይ አይወርድም" አለች።



ግቢው ውስጥ ዳማ የሚባል ሽማግሌ ውሻ አለ። የቢሻው ነበር። ቢሻው በአገውኛ ብቻ ያናግረው ስለነበር የእኔን አማርኛ አይሰማም። ጌታው ከሞተ ወዲህ ወደ በሩ ቀርቦ አያውቅም።

ያን ቀን ተነሳ።

ቀጥ ብሎ ሄዶ በሩ ሥር ቆመ። አልጮኸም...

ጭራውን ይቆላ ነበር።

ከዚያ ብረቱ ተመታ። በዱላ።

ሁለት ጊዜ... ከዚያ ቆየት ብሎ አንድ ጊዜ።

 ዓለምነው በቡጢ ነው የሚመታው። እንዲህ የሚመታ በሕይወቴ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

"ዓለምነው ነው?" አለች ናርዶስ።

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ማነው?" አልኩ። መጠየቅ ሥርዓት ነው።

"ተረኛ።"

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ጉንፋን እንደያዘው ሰው።

"ዛሬ ተረኛው ዓለምነው ነው" አልኩ።

 ለውሻው በአገውኛ አንድ ነገር አለው። ዳማ ተኛና ሆዱን ለመታከክ ገለበጠ።

ከዚያ ቁልፍ ሲገባ ሰማሁ። ሰንሰለቱ ወረደ።

ናርዶስ ክንዴን ያዘች። "ጋሼ፣ አይሂዱ... ይግፉት በሩን፣ እንያዘው!"

በሩን መያዝ እችል ነበር። ልጄን ግን ማን ይይዝልኛል?

"ከኋላዬ ሁኚ" አልኩ። "ፊቱን አትዪ።"

በሩ አንድ ሰው በሚያሳልፍ ልክ ተከፈተ። ጉሙ ውስጥ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። ኮፍያው ተደፍቷል። ዶፍ ዝናብ ነው፤ ካፖርቱ ግን ደረቅ ነው። የተቃጠለ ሱፍ ይሸታል።

ዱላዬን ዘረጋሁ፣ ወሰደ። ባትሪዬን ዘረጋሁ፣ ወሰደ። መዝገቡን ገለጥኩ።

"ቢሻው..." አልኩ። "የዚያን ሌሊት የተናገርኩትን..."

"ሰዓት ሙላ" አለ።

እንዲህ ነበር ድሮም። ወሬ አይወድም።

ዘጠኝ ከሃምሳ ብዬ ሞላሁ። "አስረከብኩ" ብዬ ፈረምኩ። መዝገቡን ከእጄ ወሰደና በትከሻው ገለል አለልን።

ሮጥን። እኔ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ እሷ በባዶ እግሯ። ከኋላችን በሩ ሲዘጋ፣ ሰንሰለቱ ሲቆለፍ ሰማን። የኮሶው ዛፍ ጋ ስንደርስ ናርዶስ ዞር አለች።

"ከውስጥ ነው ያለው" አለች። "ሰንሰለቱ ግን ከውጭ ተቆልፏል..."

አልዞርኩም።

ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስ አገኘን። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ዳንግላ ነበርኩ። ደም ሰጠሁ። ናርዶስም ማንም ሳይጠይቃት እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። የምሥራች ተረፈች። ሴት ልጅ ወለደች።

እሑድ አመሻሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ዓለምነው እየሮጠ ከማዶ ሲመጣ በር ላይ ተገናኘን። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

"ጋሽ ባምላክ! ወንዙ ድልድዩን ዋጠው፣ ከትናንት ጀምሮ መሻገሪያ አጣሁ፤ በረሃብ ገደልኳቸው ብዬ..." ቆመ። አየኝ። "ውጭ ምን ይሠራሉ? ማን ከፈተልዎ?"

ሰንሰለቱን አየ። ተቆልፏል። ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

"ክፈት" አልኩት።

ከፈተ። ግቢው ባዶ ነው። ምድጃው ግን ፍም አለው። ዳማ ከወንበሬ ሥር ተኝቷል። ወንበሩ ላይ ዱላዬ፣ ባትሪዬ፣ መዝገቡ።

መዝገቡን ገለጥኩ። ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ማታ፣ በየሰዓቱ አንድ መስመር ተጽፏል። "ሰላም ነው።" "ሰላም ነው።" "ሰላም ነው።" ወደ ግራ የተጋደመ ጽሕፈት ነው። ዓለምነው አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ።

መጨረሻው ላይ፦

"ሁለት ተራ መልሻለሁ። አስረከብኩ። ቢሻው።"

ከሥሩ የተረካቢው ቦታ ክፍት ነው። እዚያ ላይ አንድ ቁልፍ ተቀምጧል። እሳት የበላው፣ ጥቁር። ዓለምነው የራሱን አጠገቡ አስቀመጠ። ጥርሳቸው አንድ ነው።

"ጋሽ ባምላክ..." አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

ቁጭ አልኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ብዬ ሞላሁ። "ተረከብኩ" ብዬ ፈረምኩ።

"የለብህም" አልኩ ጮክ ብዬ። "አፈሩ ይቅለልህ።"

ዳማ ተነሳ። እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው በዝግታ እስከ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ቆሞ ወደ ኮሶው ዛፍ እያየ ጭራውን ቆላ።

ከውጭ፣ ከጭቃው መንገድ ላይ፣ ዱላ ድንጋይ ሲመታ ሰማን።

ሁለት ጊዜ... ከዚያ ራቅ ብሎ አንድ ጊዜ።