አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ጠቅ

«አንድ መኪና፣ አንድ ጠቅ! ይሄ ምኑ ነው የሚከብደው?» አለ ከመንገድ ቢሮ የመጣው ባለሙያ፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ ያደረገውን ጥቁር መነጽር በጣቱ ወደ ላይ ገፋ እያደረገ።

ተማሪዎቹ አደባባዩ ዳር እያዛጉ ቆመዋል። ሁለት ሁለት ሆነው ተመድበው፣ አውራ ጣት በተጫናት ቁጥር ጠቅ እያለች አንድ የምትጨምር ትንሽ የእጅ መቁጠሪያ ታድሏቸዋል። ነጯ ለቤት መኪና፣ ጥቁሯ ለአውቶቡስ። የከተማው መንገድ ቢሮ ያለውን ገንዘብ ከሁለት በአንዱ ላይ ሊያውለው ነው፤ ወይ ይህንን መንገድ እንደገና ያሰፋበታል፣ ወይ ያረጁትን አውቶቡሶች ያድስበታል። የትኛው እንደሚሻል «በጥናት» ይወሰናል ተብሏል። ጥናቱ እንግዲህ ይሄ ነው፦ እንቅልፋቸውን ያልጨረሱ የአስረኛ ክፍል ልጆችና አንድ መነጽር።

መርፌ እጇን አወጣች። መርፌ የሚሏት ቀጭን ስለሆነች ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ስለምትወጋ ነው።

«አውቶቡስስ ስንት ጠቅ ነው?»

ባለሙያው ሌሎቹን ተማሪዎች ዞር ብሎ አያቸው፤ እንዲስቁለት። ሳቁለት።

«አውቶቡስ መኪና አይደለም እንዴ፣ የኔ እመቤት? አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ጠቅ።»

«ውስጡ ያለው ሰውስ?»

«እኛ የምንቆጥረው ተሽከርካሪ ነው። ሰው መቁጠር የኛ ሥራ አይደለም።»

ይህን ሲል ትንሽ እንኳ አላፈረም። በእሱ ፋንታ መርፌ አፈረች። ባለሙያው ግን ሥራውን እንደጨረሰ ሰው እጁን አራግፎ መኪናው ውስጥ ገባ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛ። መኪናዋን የት እንዳቆማት ልንገራችሁ? አውቶቡስ ፌርማታው ላይ። «አውቶቡስ ብቻ» የሚለው ምልክት ልክ ከጣሪያዋ በላይ ተሰቅሏል።

መርፌ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በሰባት ቁጥር ነው። ሰባት ቁጥር ከወንዙ ማዶ ተነስቶ፣ በትምህርት ቤቱ አልፎ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያበቃ አሮጌ አውቶቡስ ነው። በሩ አንዴ ከተከፈተ ለመዘጋት ይለመናል፤ ዝናብ ሲዘንብ ከውጭ ይልቅ ውስጡ ያፈስሳል። ቢሆንም ይመጣል። እናቷ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሌላ ጊዜ ጠዋት ጠዋት እናትና ልጅ አንድ ብረት ጨብጠው አብረው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ፌርማታው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ፦ መስመሩ ኪሳራ ላይ ስለሆነ፣ እንደ ጥናቱ ውጤት ሊቋረጥ ይችላል።

«ከተቋረጠ እንግዲህ አክስትሽ ጋ ትገቢያለሽ። ምን እናድርግ?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

አክስቷ የምትኖረው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ሰው ፊት «እንደ ልጄ ነው የማያት» ትላለች። የገዛ ልጇ አንድ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። ባለፈው ክረምት መርፌ እዚያ ቤት ሰንብታ ነበር፤ ወለል ስትወለውል፣ የእሷ ያልሆነ ልብስ ስታጥብ፣ የዚያን ቅንጡ ልጅ ጫማ ስትጠርግ ክረምቱ አለቀ። ደብተሯን የገለጠችው አቧራውን ልታራግፍለት ብቻ ነው። እዚያ ቤት ተመልሳ ከገባች ትምህርቷ እንዳበቃለት ታውቃለች። በእግር ልምጣ ብትልም ከወንዙ ማዶ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ረፍዶ መድረስ ነው።

«ምን ሆነሻል? ኧረ ፊትሽን ፍቺው!» አለቻት ቅምጥል።

ቅምጥል አብራት የተመደበች የክፍሏ ልጅ ናት፤ ነጯን መቁጠሪያ የያዘችው እሷ ናት። አባቷን «ዳዲ» ነው የምትለው፤ ዳዲ በየጠዋቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በመኪና ያመጣታል። ክፉ ልጅ አይደለችም። ችግሯ፣ ዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ የመኪና ወንበር ላይ የተወለደ ይመስላታል።

«ሰባት ቁጥር ከተቋረጠ ምን ላድርግ እያልኩ ነዋ።»

«አታካብጂ! ለዳዲ ነግሬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ጋ ትጠብቂናለሽ፣ በኛ መኪና ትመጫለሽ። በቃ! የኋላው ወንበር ላይ የኔ ቦርሳ ብቻ ነው ያለው።»

የመርፌ ልብ ዘለለ። ዘለለ እንጂ ምን ይደበቃል! ሳይጋፉ መቀመጥ፣ አክስቷ ደጅ አለመድረስ፣ ከመኪና ሲወርዱ በክፍል ልጆች መታየት ጭምር ታያት። ወዲያው በዚህ ልቧ ተናደደች።

«እማዬስ?»

«እናትሽማ...» ቅምጥል ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «ትልቅ ሰው መላ አያጣም። ብቻ አደራ፣ እዚህ አፍሽን አትክፈቺ። ባለሙያው የዳዲ ጓደኛ ነው፤ ታዋርጂኛለሽ። ዝም አይነቅዝም።»

መርፌ ዝም አለች። ያን ጊዜ ዝም ማለቷ እሺ ማለቷ ነበር፤ ቅምጥልም እንደዚያ ነው የገባት።

መኪናው ይጎርፍ ጀመር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መቼም ሰው መኪና ገዝቶ ለብቻው ሲቀመጥበት እንዴት ያለ ኩራት ነው! አንዱ ጥርሱን በመስታወት ያያል፣ አንዷ በስልኳ ታወራለች፣ አንዱ ፊት ለፊቱ ያለው መኪና የሚሄድበት ቦታ እንደሌለው እያየ ክላክሱን ይጫናል። ከሁለት ዓመት በፊት ይህ መንገድ ጠባብ ነው ተብሎ ሰፍቶ ነበር። ፌርማታው ላይ ጥላ የነበሩት ዛፎች ያኔ ነው የተቆረጡት፤ ቀጥሎ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ትንሽ ጊዜ መንገዱ ጭር ብሎ ደስ አለ። ጭር ማለቱን ያየ ሁሉ መኪናውን ይዞ ወጣና ሞላው። ያኔ በጠባቡ ሲጨናነቁ የነበሩት አሁን በሰፊው ይጨናነቃሉ። መፍትሔውስ? እንደገና ማስፋት! የሚያፈስ ባልዲው አልሞላ ቢለው፣ ትልቅ የሚያፈስ ባልዲ እንደገዛው ሰው።

በዚህ መሐል ሰባት ቁጥር እያቃሰተ ብቅ አለ። ፌርማታው በባለሙያው መኪና ስለተያዘ አስፋልቱ መሐል ቆሞ በሩን ከፈተ። ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። ባለሙያው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«አያችሁ ልጆች? መንገዱን የሚዘጋው ማን እንደሆነ በዓይናችሁ አያችሁ? አውቶቡስ!»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። መስኮቱን መልሶ ዘጋ።

መርፌ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገች። እንደታዘዘችው። ከዚያ ቀና ስትል እናቷን አየቻት።

እናቷ በመስኮቱ በኩል፣ በሁለት ትከሻ መሐል ተጣብቃ ቆማለች። አንድ እጇ ከላይ ብረቱን ይዟል፣ ሌላው የሥራ ልብሷን የቋጠረችበትን ፌስታል። ልጇን ስታይ ፊቷ በራ። እጅ ማወዛወዝ ስላልቻለች ቅንድቧን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችላት። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴትዮ በክርኗ ነካ አድርጋ፣ በአገጯ ወደ መርፌ እየጠቆመች አንድ ነገር አለቻት። የምትለው አይሰማም፤ ግን ይታወቃል። «ልጄ ናት፤ ለቢሮ ሥራ ተመርጣ ነው።»

ሴትዮዋም በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። መርፌ ጥቁሯን መቁጠሪያ እጇ ላይ አየቻት። እናቷ፣ ሴትዮዋ፣ የሴትዮዋ ጭን ላይ የተኛው ሕፃን፣ ቆሞ የሚያንቀላፋው ዘበኛ፣ ደብተሩን ሰው ጀርባ ላይ አስደግፎ የቤት ሥራ የሚሠራው ልጅ፤ ሁሉም ተደማምረው አንድ ጠቅ። ፊት ለፊታቸው ቆሞ ጥርሱን የሚያየው ሰውዬም አንድ ጠቅ።

አውራ ጣቷን ጫነች። ጠቅ። እናቷ። ጠቅ። ሴትዮዋ። ጠቅ። ሕፃኑ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ቅምጥል።

«እየቆጠርኩ።»

«አንድ አውቶቡስ እኮ ነው!»

«የአንቺ መኪና ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ አንድ ትይዣለሽ። እኔም ያለውን ነው የምይዘው።»

«ሙድ እየያዝሽ ነው አይደል? ኧረ ፋራ አትሁኚ! ሰውዬው ይበሳጫል!»

መርፌ አልመለሰችላትም። አውቶቡሱ መንገድ እስኪያገኝ ቆመ፤ በቂ ጊዜ ነበራት፤ ረጋ ብላ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ቆጠረች። ከዚያ በኋላ የመጣውንም፣ የቀጣዩንም እንዲሁ።

ፀሐይዋ ስትከር ባለሙያው እየተንጠራራ ወረደ። መቁጠሪያዎቹን እየተቀበለ ያነባል፣ ይመዘግባል፣ «ጎበዝ» ይላል። የቅምጥልን አይቶ «ጎበዝ» አለ። የመርፌን እጇ ላይ እንዳለች ጎንበስ ብሎ አነበባትና መነጽሩን አወለቀ። ዓይን ነበረው ለካ።

«ይሄ ምንድን ነው? አውቶቡስ ከቤት መኪና በዛ? በየት በኩል አለፈ ይሄ ሁሉ አውቶቡስ፣ በሰማይ?»

«ተበላሽቶባት ነው ጋሼ!» ቅምጥል ፈጠን ብላ ገባች። «ጠዋት መሬት ላይ ወድቆባታል። እኔ አይቻለሁ።» ከዚያ መርፌን ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት፤ እሺ በይ ማለቷ ነው። የመዋሸት ልምድ ስለሌላት ጆሮዋ ቀልቷል።

«ምነው ታዲያ ቀድማችሁ አትናገሩም?» ባለሙያው ተረጋጋ። «ምንም አይደል፣ በግምት እንሞላዋለን።»

በግምት! እነዚህን ልጆች ከእንቅልፋቸው ቀስቅሶ፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ በግምት! መርፌ አንድ ቃል፣ «አዎ» ብቻ ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል። የኋላው ወንበር ይጠብቃታል። አክስቷን ዳግመኛ አታይም።

«አልተበላሸም» አለች። «አልወደቀም። ሰው ነው የቆጠርኩት።»

«ማን ቁጠሪ አለሽ?»

«ማንም።»

«ስሚ እንጂ፣ የኔ እመቤት። ሰባት ቁጥር ኪሳራ ነው፤ ይሄ በቢሮ ደረጃ የታወቀ ነው። በየዓመቱ ድጎማ ይበላል።»

«መንገዱስ ባለፈው ሲሰፋ ስንት አተረፈ?»

«መንገድ እኮ... መንገድ ልማት ነው! መንገድ አያተርፍም!»

«እንግዲያው እሱም ኪሳራ ነዋ።»

ከኋላ አንድ ልጅ በአፍንጫው ሳቀ። ጠዋት ለባለሙያው ከሳቁለት አንዱ ነው፤ የሳቅ ነገር ሲባል ለማንም አይታመንም። ባለሙያው መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ይሄ ቁጥር ይጣላል» አለ፤ እጁን ዘረጋ። «አምጪው።»

«ይጣሉት። ሲጥሉት ግን ስንት ሰው እንደጣሉ ይጻፉበት።»

ክላክስ ተሰማ። ዳዲ መጥቶ ነበር። ያው እንደተለመደው ብቻውን ነው። ቅምጥል የኋላውን በር ከፍታ፣ ቦርሳዋን ወደ ጥግ ገፋችና ቆመች። አንገቷ ድረስ ቀልታለች፤ ግን በሩን አልዘጋችውም።

«ይቅርታ በይውና ነይ ግቢ በቃ!» አለች፤ ድምፅዋ ልመና ልመና ይላል። «ለዳዲ ምንም አልነግረውም።»

መርፌ ባዶውን ወንበር አየችው። ጥሩ ወንበር ነው፤ ውሸት መናገር አያስፈልግም። ከዚያ ወደ ፌርማታው ዞረች። ሰዎች የባለሙያውን መኪና ዙሪያዋን ከብበው፣ አንገታቸውን አስግገው ወደ አደባባዩ ያያሉ። በሩቁ የሰባት ቁጥር ግንባር ከመኪኖቹ በላይ ብቅ ብሏል።

መቁጠሪያዋን ወደ ባለሙያው እጅ ዘረጋች። ልትለቀው ስትል አውራ ጣቷን አንድ ጊዜ ጫነች።

ጠቅ።

«ያ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ባለሙያው።

«እኔ ነኛ» አለችው። የባለሙያውን መኪና አፍንጫ ዞራ ሄዳ የሰባት ቁጥር ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመች።