ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች

ኑሪ ምርመራውን ያለፈው አጭበርብሮ ነው፤ ያስጠናችው ደግሞ የገዛ እህቱ ከድጃ ናት።

ሐሙስ ዕለት ልምምድ ላይ ኳስ ለመያዝ ሲወረወር ጭንቅላቱ ከጎሉ ብረት ጋር ተላተመ። አሰልጣኙ ሮበሌ «ነርሷ ካላየችህ ቅዳሜ አላሰልፍህም» አለው። ቅዳሜ የ1988 የመካኒሳ ክረምት ዋንጫ ፍጻሜ ነበር።

የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ፀሐይወርቅ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲመጣላት ዓይኑ ፊት እስክሪብቶ ታንቀሳቅሳለች። ዓይኑ መከተል ካቃተው ጨዋታ ቀረ። ከድጃ ይህን ከትምህርት ቤታቸው የጤና ክበብ ታውቀዋለች፤ ያስተማረቻቸው ራሷ ሲስተር ናት። ሁልጊዜም በአንድ ተራ ነው፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች። ኑሪ ለመናት፤ ነገረችው። ትንሽ ራሱን ከማመም ያለፈ ነገር አልመሰላትም ነበር። ትናንት ክሊኒኩ በበሽተኛ ተጨናንቆ ሲስተር ቸኩላ ስለነበር ኑሪ አለፈ።

አሁን፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስገባል። ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተው። ከድጃ እስክሪብቶ አነሳች።

«እስቲ ይቺን ተከተል።»

«አለፍኩ እኮ! ሲስተር ራሷ ‹ጎበዝ› ብላኛለች።»

«ተከተል አልኩህ።»

እስክሪብቶውን ወደ ላይ አነሳችው። የኑሪ ዓይኖች ወደ ቀኝ ሄዱ። ከዚያ ባነነና እስክሪብቶውን ፈለገ። ቀስ ብላ ወደ ግራ ስትወስደው ዓይኖቹ ወደኋላ ይቀራሉ፣ ዘለው ይደርሱበታል፣ እንደገና ይቀራሉ። ፊቱ አመድ መሰለ። አልጋው አጠገብ ያለው ባልዲ ላይ አጎንብሶ አስመለሰ።

«የትናንቱ ሽሮ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «አታካብጂ።»

«እስክሪብቶውን አላየኸውም፣ ኑሪ።»

«አንቺ ነሻ ያሳሳትሽኝ! ተራውን ለምን ቀየርሽው?»

ከድጃ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ጮኸች። «እማ! ኑሪ መጫወት የለበትም!»

«ነርሷ አይታው የለ እንዴ?» አለች እናታቸው ከልብሱ ገንዳ ቀና ሳትል።

«አጭበርብሮ ነው! እኔ ነኝ ያስጠናሁት!»

እናታቸው ሳቀች። «ዓይን ደግሞ ይጠናል? ተይው ባክሽ፣ ልጁ ይጫወትበት።»

ኑሪ ጓንቱን አጠለቀ። «ሰማሽ? ሂጂና ለሮበሌ ንገሪው ደግሞ።»

«እሱም ‹ነርሷ አሳልፋዋለች› ነው የሚለኝ።»

«እና?»

ክሊኒኩ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚሠራው። አምስት ተኩል አልፏል። ጨዋታው ስምንት ላይ ነው። ሲስተር ልታምናት ትችላለች፣ ላታምናትም ትችላለች። ብታምናትም ኑሪ ሲስተር ሳትደርስ ሜዳው ላይ ከገባ ማን ያስወጣዋል?

«ለሲስተር እነግራታለሁ» አለች። «ማን እንዳስጠናህም ጭምር።»

«ፋራ! ከክበቡ ነው የምታባርርሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ከዛሬ ወዲያ እንዳታናግሪኝ!»

ከድጃ እስክሪብቶውን ኪሷ ከተተች። በሩን ስትከፍተው የውጪው ብርሃን ፊቱ ላይ አረፈ፤ ኑሪ ዓይኖቹን ጨፍኖ በጓንቱ ሸፈናቸው። ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።