በስሕተት የሚከፈት ቁልፍ

አራሚዋ በሥራ ጠረጴዛዋና በመጽሐፍ መደርደሪያዋ መካከል በጀርባዋ ተንጋላ ተገኘች። ማጅራቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቷል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስታርም የኖረች፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ቤቷ ኮምፒውተር ፊት ተጎልታ የምትውል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ስሕተት አላሳልፍም እያለች ከአለቃም ከደራሲም ጋር ስለምትሟገት በማተሚያ ቤቱ «ዐመፀኛዋ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ስሙን እንደወደደችው ሞተች።

«አዳልጧት ነው የወደቀችው» አለ የመርማሪዋ አለቃ በስልክ። «ቶሎ ጨርሰሽ ነይ።»

«እሺ» አለች መርማሪዋ። እሺታዋ ለአፏ ብቻ ነበር። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» እያሉ የሚያሾፉባት ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ «ለምን» ካልተመለሰላት እንቅልፍ የላትም።

ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ካሜራው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ስክሪኑ ላይ አንድ የተቆለፈ ፋይል የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ከሥሩ፣ ለረሳ ሰው ማስታወሻ እንዲሆን፣ «ስማችን ማን ነው?» የሚል ፍንጭ ተጽፏል። የፖሊስ የኮምፒውተር ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ሲነካካ ቆየና ቀና አለ።

«ትናንት ማታ ተከፍቶ ነበር። የከፈተው ሰው አንዴም አልተሳሳተም፤ በመጀመሪያው ሙከራ ነው የገባው። ሦስቴ ቢሳሳት ኖሮ ፋይሉ ድራሹ ይጠፋ ነበር። የሚነካው ሲያጣ ደግሞ መልሶ ራሱን ቆልፏል።»

መርማሪዋ ወጥ ቤት ገባች። መክተፊያው ላይ ግማሽ ሽንኩርት አለ፤ ከአጠገቡ የአራሚዋ መነጽር ታጥፎ ተቀምጧል።

የሟች የእህት ልጅ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ብቻዋን ካደረችበት ተረኝነት በቀጥታ ስለመጣች ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«አክስትሽ ሽንኩርት ስትከትፍ ለምን መነጽሯን ታወልቃለች?»

«ዓይኗ ስለሚያለቅስ። ሁሌም እንደዚያ ናት።»

«ያለ መነጽር ስክሪን ታነባለች?»

«ያለ መነጽር ‹ለ›ን ከ‹ሰ› አትለይም።»

«እንግዲያው ፋይሉን የከፈተው ሌላ ሰው ነው። ምን አለበት?»

ልጅቷ ነገረቻት። አክስቷ ሥራ በማቆማቸው ከአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የተባረሩ ሴቶችን እያነጋገረች መጽሐፍ ታዘጋጅ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ስማቸው ተቀይሯል፤ እውነተኛው ስማቸውና አድራሻቸው ያለው እዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

«የተየብኩትም እኔው ነኝ» አለች። «የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን።»

አለቃው ይህን በስልክ ሲሰማ ደስ አለው። «በቃ፣ እሷው ናት። ፋይሉን አስከፍቻትና እሰሪያት።»

«አልከፍትም» አለች ልጅቷ።

«ትታሰሪያለሽ» አለቻት መርማሪዋ።

«ልታሰር። ሴቶቹ ስማቸውን አደራ ያሉት ለአክስቴ እንጂ ለእናንተ አይደለም። ሞተች ብዬ አደራዋን አልበላም።»

መርማሪዋ ልጅቷን ወደደቻት፤ ተጠርጣሪን ግን ስለወደዱት አይለቁትም። «ፋይሉን አልነካም» አለቻት። «ቃሉን ግን ልወቀው። ነጻ የሚያወጣሽ እሱ ነው።»

ልጅቷ የመርማሪዋን መዳፍ ተቀብላ ቃሉን በጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈችበት።

«ለምን እንዲህ ተጻፈ?»

«ማንም አይገምተውም ብላ ነዋ።»

ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ተጠሩ። የሟችን መጽሐፍ ሊያወጣ የተዋዋለው አሳታሚ ኮሌታውን እየነካካ ተናገረ። «ተጣልተናል፤ አልደብቅም። ስም የሌለውን ምስክር ማን ያምናል ብዬ ስሞቹን ጠየቅኋት። በሩን አሳየችኝ።»

የፋብሪካው ባለቤት የሟች ባል ወንድም ነው። ወንበር ሲሰጠው አልቀመጥም አለ። «እንኳን ኮምፒውተሯን ልነካ፣ ወንድሜ ከተቀበረ ወዲህ ቤቷንም ረግጬ አላውቅ። የሴቶች ወሬ ምኔ ነው?»

ሬሳውን ያገኘችው በጓሮው ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትበረግጋለች። ማታ ሰው ሲገባ ሰምታ እንደሆን ስትጠየቅ «ማሽኑ ሲሠራ ምንም አይሰማኝ» ብላ አቀረቀረች።

መርማሪዋ ሦስቱንም አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። «ለሥርዓቱ ያህል፣ ሟችን ሰዎች ምን ብለው ይጠሯት እንደነበርና መቼ እንዳያችኋት በስልኬ አጭር መልእክት ላኩልኝ።»

በማግሥቱ ሁሉም አራሚዋ የሞተችበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። አለቃውም መጣ፤ ልጅቷን ይዞ ለመሄድ ነበር የመጣው።

«የገፈተራት ፋይሉን የከፈተው ሰው ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሽንኩርቷን ትታ፣ መነጽሯንም ትታ በር ከፈተች። እንግዳው ስሞቹን ጠየቃት፤ እንቢ አለችው፤ ገፈተራት። ከዚያ ተቀምጦ ፋይሉን ከፈተ።»

«ቃሉን የምታውቀው ይቺ ልጅ ብቻ ናት» አለ አለቃው።

«ስሞቹን አንድ በአንድ የተየበችው እሷ ናት። ደጋግማ የጻፈችውን ለማየት አክስቷን ለምን ትገፈትራለች?»

አለቃው አገጩን አከከ።

«ፍንጩ ‹ስማችን ማን ነው?› ይላል። ሟችን የሚያውቅ ሁሉ ‹ዐመፀኛ› ብሎ መገመቱ አይቀርም። ጣጣው አጻጻፉ ላይ ነው። ‹ዐ› በድምፅ የሚመስሉት ፊደሎች አሉ፤ ‹ፀ›ም እንደዚሁ። ሟች ፊደል የማትስት ሴት ስለነበረች፣ ሰው መጀመሪያ አስተካክሎ ነው የሚሞክረው። ያኔ እንቢ ይለዋል። እሷ ሆን ብላ አሳስታ ነበር የቆለፈችው። ታዲያ በመጀመሪያው ሙከራ የገባው ማን ነው? ልጅቷ ካልሆነች፣ ስሕተቱ የገዛ ራሱ የሆነ ሰው ነው።»

ስልኳን አወጣች።

«‹ዋ›ዋን እንተዋትና፣ አሳታሚው ‹ዐመፀኛዋ› ብለው ልከውልኛል። ልቅም ያለ አጻጻፍ ነው፤ አይከፍትም። ልብስ ሰፊዋ ‹አመጸኛዋ› ብላለች፤ ይሄም አይከፍትም።» ወደ ፋብሪካው ባለቤት ዞረች። «እርስዎ ግን ‹ኣመጸኛዋ› ብለዋል። ይህን ‹ኣ› ከየት አመጡት?»

«ጣቴ ያገኘውን ነው የጻፍኩት።»

«ጋሼ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ እንድታርምለት ሰጥቷት ነበር» አለች ልጅቷ ወደ ፋብሪካው ባለቤት እያመለከተች። «ሥራ ያቆሙትን ሴቶች ሲሰድብ በየገጹ ‹ኣመጸኛ› ይላቸዋል። እሷ ስታርመው፣ እሱ መልሶ ሲያበላሸው ከረሙ። ‹የእኔም የእነሱም ስም ይኸው ነው፤ ስድቡን ከነስሕተቱ ቁልፍ አደርገዋለሁ› ብላ ስትስቅ ነበር።»

«ቁልፉ ከሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ ከባለ ስሕተቱ በቀር» አለች መርማሪዋ። «እሷ የዘነጋችው ይህን ብቻ ነው።»

የፋብሪካው ባለቤት ሳቀ። «ፊደል መሳት የሚያሳስር ከሆነ ከተማው በሙሉ ይታሰር። ፋይሉን ማየቴን በምን አወቃችሁ? እስቲ ክፈቱትና ውስጡ ያለውን ሁላችንም እንየው።»

«እውነቱን ነው፤ ክፈቺው» አላት አለቃው ልጅቷን።

«አልከፍትም።»

«እኔም አላስከፍታትም» አለች መርማሪዋ። ኮምፒውተሩን አጠፋችና ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። አለቃዋን ሰው ፊት እንቢ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው፤ ከሥራ ሊያስወጣት እንደሚችል ታውቃለች፤ ግድም አልሰጣት።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። «መክፈት አያስፈልግም።» ጣቷን ወደ ፋብሪካው ባለቤት ቀሰረች። «ከሴቶቹ አንዷ እኔ ነኝ። ከእትዬና ከዚች ልጅ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ያን ዕለት ጠዋት፣ አስከሬኗ ሳይነሣ፣ ይሄ ሰውዬ ደወለልኝ። ‹አንቺም አለሽበት ለካ፤ አፍሽን ካልዘጋሽ እንደሷ ትወድቂያለሽ› አለኝ። ፈርቼ ዝም አልኩ። የደወለበት ቁጥር ይኸው።»

መርማሪዋ ስልኩን ተቀብላ አየችና ለአለቃዋ አቀበለችው። እሱ የባለ ፋብሪካውን ቁጥር ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንቺን ማን ያምንሻል?» አለ የፋብሪካው ባለቤት። «ስምሽ ቢወጣ በዚህ ከተማ መርፌ የሚያስይዝሽ የለም።»

«ስሜን ሰርቀህ ስትይዘው ነው ያስፈራኸኝ። እኔው ከሰጠሁት ምን ልታደርግበት ነው?» ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ቃሌን ይቀበሉኝ።»

ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተናገረች። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እሷም ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። አለቃው ካቴናውን አወጣና ልጅቷን አልፎ ወደ ባለ ፋብሪካው ሄደ።

በነጋታው ጠዋት የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። ፋይሉን ማንም አልከፈተም፤ ወሬው ግን ከቤት ቤት ደርሷቸዋል።

«ማን ጠራችሁ?» አለ በር ጠባቂው ፖሊስ።

«ማንም» አለች ከፊት የቆመችው። «ስማችንን ልናስመዘግብ ነው።»