ያልተቀመሰ ጠላ

የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ፈንታው በጋሻዬ ጠላ ቤት መደብ ላይ ከነጫማው ተዘርግቷል፤ አረፋ በደፈቀው አፉ ዙሪያ ዝንብ ይዞራል። ጋሻዬ የፊጥኝ ታስራ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች።

«መርዛ ገደለችው!» አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከፋለ። «ፀረ አብዮት ናት።»

ከወልድያ የመጣው መቶ አለቃ ደሴ ምሳው እንዳያልፍበት የሰጋ ይመስል ሰዓቱን አየ። ላንድሮቨሩ ደጅ ቆሟል። በዚያ ዓመት በዚያ መኪና የተጫነ ሰው ሬሳው እንኳ አይመለስም ነበር።

«የሚናገር አለ?»

በር ላይ ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች መሐል አያ አረጋ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ላሊበላ የሚያውቃቸው በጧፍ ሠሪነታቸው ነው። ከጣሊያን በፊት ጀምሮ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ላይ እንደተቀመጡ፣ ስንቱን የሞት ፍርድ እንደሻሩ፣ ደርግ ሹማምንቱን ሲለቅም ሸሽተው እንደመጡ የሚያውቅ የለም። አፋቸውን ከከፈቱ ይታወቃሉ። ፈሩ። ዝም ሊሉ ቆርጠው ሳለ ጋሻዬ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እስቲ እኔ ልጠይቅ፣ ጌታዬ» አሉ። «አብረውት ከነበሩት ከታናሹ እንጀምር። ሊቀመንበሩ መጨረሻ ይናገሩ።»

«ለምን መጨረሻ?» አለ ከፋለ።

«ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ያንኑ ይደግማል።»

መቶ አለቃው አተኩሮ አያቸው። «ቀጥሉ።»

የማኅበሩ ጥበቃ ምስጋኑ ጠመንጃውን ታቅፎ ቀረበ።

«ማን ማን ጠጣ?»

«ሦስታችንም፣ አባባ። ካንድ ማሰሮ።»

«ጋሻዬ ቀመሰች?»

ምስጋኑ ከፋለን ሰረቅ አድርጎ አየ። «እኔ... ልብ አላልኩም።»

«ለፈንታው ዋንጫውን ማን ሰጠው?»

«ጓድ ከፋለ ከራሳቸው ዋንጫ አቋደሱት። ሊቀመንበርነቱ ለሱ ሊሰጥ ነበርና፣ እንኳን ደስ ያለህ ብለው።»

«ታዲያ ማቋደስ ወንጀል ነው?» ከፋለ ደም ሥሩ ተገታተረ። «መርዙ ማሰሮው ውስጥ ነው። ሳትቀምስ ነው የቀዳችልን!»

«መዳፏ ላይ ጠብ አላደረገችም?»

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! አልቀመሰችም!»

«እርስዎስ ከዚያ ጠጡ?»

«ጠጣሁ።»

አያ አረጋ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«እዚህ አገር ቀጂዋ ያልቀመሰችውን ጠላ የሚጠጣ ማነው? ያውም ፀረ አብዮት ከሚላት ሴት እጅ? ሊቀመንበሩ ስትቀምስ አይተው ነው የጠጡት፤ ዋሽተዋል። ሦስት ሰው ካንድ ማሰሮ ጠጥቶ አንዱ ብቻ ከሞተ፣ መርዙ የገባው ዋንጫ ውስጥ ነው። ዋንጫውም ከሳቸው እጅ ነው የመጣው፤ እሳቸው ከተጎነጩለት በኋላ።»

«ቀምሳለች!» ብሎ ጮኸ ምስጋኑ። «መዳፏን ስትልስ አይቻለሁ፤ ፈርቼ ነው!»

ከፋለ ወደ በሩ ሲፈተለክ የመቶ አለቃው ወታደሮች አነቁት። ከኪሱ የማኅበሩ መጋዘን የአይጥ መርዝ ወጣ።

ጋሻዬን ፈቷት። እየተንሰቀሰቀች አያ አረጋ እግር ላይ ወደቀች።

መቶ አለቃው ግን ዓይኑን ከሽማግሌው አላነሳም። «ጧፍ ሠሪ እንዲህ አይጠይቅም። ምን ነበሩ?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ውሸታቸው ከተያዘ የጋሻዬም ነገር እንደገና ይነሳል።

«ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ነበርኩ» አሉ።

ከፋለንና ሽማግሌውን ባንድ ላንድሮቨር ጫኗቸው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከፋለ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይፈርዱብኝ ነበር?»

«መጀመሪያ እሰማህ ነበር» አሉ አያ አረጋ።