የዘልማር አቤት ባይ

ሰባቱ ምድሮች በአንድ ቃል ኪዳን ተሳስረው በሚኖሩበት ዘመን፣ የሰባተኛዋ ምድር የዘልማር ወንዝ በጠራራ ፀሐይ ወደ ኋላው ፈሰሰ። ሽቅብ ወደ ራማት ተራራ ተመልሶ ደረቀ። የውኃውን በር የሚጠብቀው ጎርማጥ የተባለ ክንፋም ዘንዶ ነው፤ የተመረጠ ገዥ መጥቶ በፊቱ እስኪምል ድረስም የምድሪቱን የውኃ ድርሻ አይለቅም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ገዥዎች ተራ በተራ ተመርጠው ወጡ፤ ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «ዘንዶው ምን ጠየቃችሁ?» ሲባሉ፣ «ስማችንን ጠራ፣ ከዚያ ተኛ» አሉ።

በአራተኛው ዙር ሕዝቡ ጠጠር ጥሎ የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ የሆነችውን አዝመራን መረጠ። ባሏ ቀናውና የሕግ አዋቂው አባ ጥምር ተከተሏት። አሥራ አንድ ቀን የሚባለው መንገድ ሃያ ፈጀ፤ በየመንደሩ የደስታ ንግግር አለና። እሳት የሚተነፍሱትን የገደል ጅቦች በጦር አለፏቸው። የሽማግሌዎችን ምርቃት የሚያልፍ ጦር ግን አልተገኘም።

«ዘንዶው ሲጠራሽ ማዕረግሽን ከነትውልድሽ ዘርዝሪለት» እያሉ አባ ጥምር አስጠኗት።

ራማት ጫፍ ሲደርሱ እግሯ አብጦ፣ ድምጿ ሰልሎ ነበር። ከዋሻው ውስጥ የአሮጊት የመሰለ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አዝመራ!»

ያጠናችው ሁሉ ከድካም ብዛት ጠፋት። «አቤት» አለች፣ ለእናቷ እንደምትመልሰው።

ጎርማጥ ዓይኑን ገለጠ። «የመጀመሪያው ‹ወይ› አለኝ። ሁለተኛው ‹ማነው እሱ?› አለኝ። ሦስተኛው ጸሐፊውን ላከብኝ። ሲጠሩት አቤት የማይል ሰው ምድር አያስተዳድርም። በሩን እከፍትልሻለሁ፤ ዋጋው ግን ስምሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የተበደለ ሁሉ ሲጮኽ ትሰሚያለሽ፤ ስምሽ ግን ከማንም አፍ ቢወጣ ጆሮሽ አይገባም። እምቢ ማለት ትችያለሽ።»

«አዝመራ፣ ተይው!» አለ ቀናው። «እንውረድ፤ ሌላ ይምረጡ።»

እንዲህ የሚጣፍጥ ስም እንዳላት አላወቀችም ነበር። «እስቲ አንዴ ድገመው» አለችው።

ደገመው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ማለች፦ «ለጠራኝ ሁሉ አቤት እላለሁ! ብከዳ ውኃው ይክዳኝ፣ ምድሪቱም አትሸከመኝ!»

ተራራው ተሰንጥቆ ወንዙ እያገሳ ወረደ።

ዘልማር በእልልታ ተቀበለቻት። አዝመራ በዚያው ቀን አምስት ሹማምንቷን አስምላ አደባባይ ተቀመጠች። ባለጉዳዩ ግን ከአደባባዩ በር እስከ አውድማው ድረስ ተሰልፎ ነበር፤ ወንዙ ቢመለስም የሦስት ዓመት በደል ይጠብቃታል። ለእያንዳንዱ «አቤት» አለች። ቀናው ከዳር ሆኖ ሦስቴ በስሟ ጠራት። ዞር አላለችም። ሄዶ ተሰለፈ።

ተራው ሲደርስ እንደ ማንም ባለጉዳይ እጅ ነሣ።

«አቤት እመቤቴ! ባለቤቴ እጅግ ደክሟታል። ወደ ቤቷ ገብታ ትረፍልኝ።»

አዝመራ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወደ ደረቱ ልትሄድ ፈለገች።

«አቤት» አለችው። «ከኋላህ ስንት ሰው አለ?»

ዞሮ አየ። «ሠላሳ ይሆናል።»

«እንግዲያው ከሠላሳው በኋላ ተፈቅዶልሃል።»

ቀናው እጅ ነሥቶ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። እሱ እስኪደርስ ግን ሌሎች ስድስት ሰዎች መጥተው ተሰልፈው ነበር።