ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ስም

አባቷን ያገኘችው እሷ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ልትጠራው ከፎቅ ስትወርድ በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት፣ በሌላው የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ነበር። ምድር ቤቱ ጌም ቤት ነው። ቁም ሣጥን የሚያካክሉት ስምንት አሮጌ የጌም ማሽኖች በርተው ይንጫጫሉ፤ አባቷ ግን «ጀልባዋ» ከምትባለው ማሽን ኋላ በጎኑ ተጋድሟል። የማሽኗ ጀርባ ተከፍቷል። መጀመሪያ የጠፋ ብሎን የሚፈልግ መሰላት። ሁለቱም መዳፎቹ ጠቁረው ስታይ ግን ጮኸች።

ሰባት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ተነሳ። ሰባት ተኩል ላይ የጣቢያው ኃላፊ በራሱ ቤት ነገሩን ጨርሶት ነበር። ሟች የመብራቱን ብሬከር አጥፍቶ ሲሠራ አንድ ሰው ሆን ብሎ አነሳበት፤ አለቀ። ብሬከሩ ከደረጃው ሥር መጋረጃ ጀርባ ነው፤ ከፎቅ የሚወርድ ሰው እጁን ቢሰድ ይደርስበታል። ፎቅ ላይ የነበረችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት፤ ጠዋት ከአባቷ ጋር ስትጨቃጨቅም ጎረቤት ሰምቷል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ጣቢያ ትወርዳለች። ባሏን በመኪና አደጋ ካጣች አራት ወሯ ነው። አሁን አባቷን አጣች፤ ልጇንም እስር ቤት ልትወልድ ነው። ማልቀስ እንኳ አቃታት።

መርማሪዋ ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። አምሳን ያለፈች፣ አጭር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ኃላፊው ያለውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያለች ሰማችና ከልጅቷ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አልገደልኩትም» አለች ልጅቷ።

«እሱን ሌላ ሰው ይጠይቅሽ። እኔ ስለ ኪስ ነው የምጠይቅሽ። የአባትሽ የሥራ ካፖርት ግራ ኪሱ አልቆ ሳስቷል፤ ቀኙ ግን አዲስ ነው። ምን ይይዝበት ነበር?»

«እጁን።»

«እንዴት እጁን?»

«ማሽኑ በርቶ ሲነካካው አንድ እጁን ኪሱ ይከታል። በሁለት እጅ ከነኩት መብራቱ ልብን አቋርጦ ያልፋል ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልዘነጋም።»

«ዛሬ ሲገኝ ያ ግራ ኪስ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ስፌቱ ተተርትሮ ነበር» አለች መርማሪዋ፤ ለራሷ የምትናገር ትመስላለች። «በምን ተጣላችሁ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ሽጣቸው አልኩት። ማንም የማይጫወትባቸው ሣጥኖች ናቸው፤ ልጄ ሲመጣ ቦታ ያስፈልገናል አልኩት። ዝም ሲለኝ ከእኔ ይልቅ እነሱን ነው የምትወደው ብዬ ጮህኩበት። አራት ተኩል ነበር። እሺ አለኝ… ጀልባዋን ለገዢ አስተካክላታለሁ አለኝ። እኔ ግን መልስ ሳልሰጠው ወጥቼ ተኛሁ።»

«ከዚያስ ምን ሰማሽ?»

«የጀልባዋን ዜማ። መሃል ላይ አንዴ ጸጥ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። ልወርድ ስል አካባቢ ነው ያቆመው። እየፈተሻት ነው ብዬ አልጋዬ ላይ አኮረፍኩ።»

መርማሪዋ እጇን ያዝ አደረገቻት። «ከአጠገቤ እንዳትርቂ» አለቻት።

መጀመሪያ የተጠራችው በግድግዳ የምትዋሰናቸው ልብስ ሰፊ ናት። ጭቅጭቁን የሰማችው እሷ ነበረች፤ መናገሯ ጸጽቷት ልጅቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ዛሬ መብራት ሄዶብሽ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ የስፌት መኪናዬ ቀጥ አለ። መስመራችን አንድ ነው። ሰውዬ ምን ነካህ ብዬ ልጮህ ስል መጣ።»

«ብዙ ቆየ?»

«ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። መርፌዬ ላይ ክር እንኳ አስገብቼ አልጨረስኩም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ዝንፍ አላለም፤ ከዚያም ወዲህ።»

ቀጥሎ አጎቷ ገባ፤ የሟች ታናሽ ወንድም። መሃል ከተማ አዳዲስ ጌሞች ይሸጣል። ይህን ቤት ገልብጦ ዘመናዊ ሊያደርገው ከወንድሙ ጋር ሲነዛነዝ ዓመታት አልፈዋል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ምላሱ ግን አላረፈም።

«ወንድሜን የበላው ትዝታ ነው» አለ። «ሰው ይመጣል፣ አይ ጊዜ ይላል፣ አንድ ዙር ይጫወትና ሰልችቶት ይወጣል። ጨዋታው አይደለም የሚናፍቃቸው፤ ያኔ የነበሩት ልጆች ናቸው።»

«ታዲያ እርስዎ አይናፍቅዎትም?»

«እኔ? ጀልባዋን በጎረምሳነቴ እያንቀላፋሁ ነበር የምጨርሳት!»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

አጎቷ ተነስቶ የማሽኗን መዘወሪያ ጨበጠ። በስክሪኑ ላይ ትንሿ ጀልባ በድንጋይ መሃል ቀዘፈች፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተሰበረች። ደገመ፤ ተሰበረች። ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቀው። «ድንጋዮቹ እንዲህ አይፈጥኑም ነበር» አለ አፍሮ። «እኔ ነኝ ያረጀሁት፣ ሌላ ምን እላለሁ።»

«ይህ በውጤቱ ዝርዝር የሁሉም አናት ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

«የቁንጮ ነዋ! ከዚያ ሥር ያሉት ፋብሪካው የጻፋቸው የውሸት ስሞች ናቸው። እነዚህ ማሽኖች መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳሉ። ማታ ወንድሜ ያጠፋቸዋል፤ ጠዋት ሲያበራቸው ማንንም አያውቁም። ቁንጮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣ ስሙን እንደ አዲስ ያወጣል። ወግ አይደል?»

ቁንጮ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው፤ አርባ ዓመቱ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ በሩ ላይ ፈዞ ቆመ። ልጅቷን ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ። በልጅነቷ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያጫወታት ሰው ስለሆነ አብራው አለቀሰች።

«ጋሼ አባቴ ነበሩ» አለ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ገባሁ፣ ተጫወትኩ፣ አራት ሳይሞላ ወጣሁ። ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም።»

«የምታወጣው ሦስት ፊደል ምንድን ነው?»

«የእናቴ የቤት ስሟ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የሞተችብኝ። ያን ሳምንት ነው መጀመሪያ አናት ላይ የወጣሁት።»

«እዚያ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አርባ ደቂቃ» አለ ሳያስብ። እንባው መሃል ትንሽ ኩራት ነበረበት። «ከእኔ ሌላ ማንም አይችልም።»

ኃላፊው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓቱን እያየ ገባ። መርማሪዋ ሁሉም በማሽኖቹ መሃል እንዲቀመጡ አደረገች። አጎቷ የልጅቷን ክንድ ደግፎ ይዟል፤ ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን ታፍተለትላለች፤ ቁንጮ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ሟች ብሬከሩን አጥፍቶ ሲሠራ ቢሆን ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «ይህች ጎረቤት ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ትፈታ ነበር። እሷ ግን መብራት ያጣችው አምስት ከአሥር ላይ፣ ያውም ለሁለት ደቂቃ ነው። እንግዲህ ብሬከሩ ተነስቶ አልገደለውም፤ እሱ መስመሩ ላይ ሲወድቅ ነው ብሬከሩ የጣለው።»

«ታዲያ አደጋ ነው በይኛ» አለ ኃላፊው።

«ኪሱስ? እጁን በፈቃዱ የሚያወጣ ሰው ኪሱን አይተረትርም። አንድ ሰው ክንዱን ይዞ ጎትቶታል። ሚዛኑን ሲስት ሁለቱም እጆቹ ገቡ።»

«እና ልጅቷ ብትጎትተውስ?»

«ወደዚያው ነው የምመጣው። ብሬከሩን ያነሳው ሰው መጋረጃውን ገልጦ ነው። ሟችን ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ይጮሃል፤ ይህ ሰው ግን የፈለገው መብራቱን ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ እነዚህ ማሽኖች ሁሉን ይረሳሉ፤ ወንድሙ ነግረውኛል። ስለዚህ ከአምስት ከአሥር በፊት የወጣ ስም እዚህ ቤት ውስጥ ሊኖር አይችልም።»

ሁሉም ወደ ጀልባዋ ዞሩ። ሦስቱ ፊደሎች አናቱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

«ቁንጮ፣ ጠዋት የጻፍከው ስም ጠፍቷል» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ይህኛው ሌላ ነው።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባትና እጇ ወደ አፏ ሄደ። «ያ ዜማ…» አለች። «እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ስሰማው የነበረው… አንተ ነበርክ?»

ቁንጮ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ቁጭ አለ።

«ጠዋት ስጫወት ጋሼ አንድ ነገር ልንገርህ አሉኝ» አለ። «እናቴ የሞተች ጊዜ አዝነውልኝ ማሽኗን ቀላሉ ላይ አድርገዋት ነበር፤ ይኸው እስከዛሬ። መሸጧ እንደማይቀር ነገሩኝ፤ ሲሸጧት ግን እንደ ጥንቷ አድርገው መሸጥ አለባቸው። ሃያ ስድስት ዓመት! እኔ ሌላ ምን አለኝ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ወጥቼ ሄድኩ፤ ሥራ ላይ መቆም አቃተኝ፤ ልለምናቸው ተመለስኩ። ጀርባዋን ከፍተው ነበር። ትችለዋለህ፣ አንድ ጊዜ በከባዱ ሞክረው አሉኝ። የሚያላግጡብኝ መሰለኝ። ተዉ ብዬ ክንዳቸውን ሳብኩ እንጂ… ሁሉም ነገር ጨለመ። ሳበራው ስሟ የለም።»

«እና ተጫወትክ» አለች መርማሪዋ።

«የሞቱ መስሎኝ ነበር! ስሟን መልሼ ላውጣና እጮሃለሁ አልኩ። ብቻ ስሟን ላውጣ…»

«ሐኪሙ ደውሎልኛል። ልቡ ወዲያው አልቆመም፤ ቶሎ ቢደረስለት የመትረፍ ዕድል ነበረው። መጎተትህን ድንገት ነው ልትል ትችላለህ። አርባ ደቂቃው ግን ድንገት አይደለም።»

ልጅቷ ነፃ መውጣቷን እንኳ ልብ አላለችውም። ዜማውን እየሰማች ያኮረፈችበትን እያንዳንዱን ደቂቃ ትቆጥር ነበር።

ኃላፊው ቁንጮን ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ሰውየው በጉልበቱ ወደ ልጅቷ ዳኸ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። አንቺ ማሽኗን ታውቂያታለሽ። ጋሼ ቀይረዋት ነበር? ሲከብደኝ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው ብዬ ነው እንጂ… አሁን ያወጣሁት በቀላሉ ነው በከባዱ?»

መልስ ሳትሰጠው ልትሄድ ፈለገች። ወይም «በቀላሉ ነው» ብላ ያችን የቀረችውን እንኳ ልትነጥቀው ፈለገች፤ ይገባዋል አለች በልቧ። ቢሆንም ሆዷን ደግፋ ወደ ተከፈተው ጀርባ ዞረች። ሩዝ የሚያካክሉትን ማብሪያዎች አባቷ በሕፃንነቷ አስተምሯታል፤ ወደ ላይ ቀላል፣ ወደ ታች ከባድ። ሲቀየሩ ወዲያው አይሠሩም፤ ማሽኗ ጠፍታ ስትበራ ነው የምትቀበላቸው። መርማሪዋ ባትሪ አበራችላት። አቧራው ላይ የአባቷ የጣት አሻራ ገና አለ። ማብሪያዋ ወደ ታች ናት። አጎቷ ሦስት ጊዜ ለምን እንደተሸነፈ ያን ጊዜ ገባት።

«ከባዱ ላይ ነው» አለችው።

ቁንጮ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ሳቅም ልቅሶም አልነበረም።

«ትችለዋለህ ብለውኝ ነበር» አለ። «ብለውኝ ነበር እኮ…»

ኃላፊው ካቴና ሲያወጣ እጆቹን ራሱ ዘረጋለት። ልጅቷ አባቷ በወደቀበት ቦታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ አጎቷም ተነሺ ሳይላት አጠገቧ ቁጭ አለ።